የበሬው ጉርሻ

ግራዝማች ይመኑ የመሬት ጌታ ናቸው፤ ሆዳቸው ከበቅሏቸው ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ጠዋት ሲሶ ድርሻቸውን ሊወስዱ ከጭሰኛቸው አውድማ ሲደርሱ፣ ገብስ ከሚያበራዩት ሁለት በሬዎች አንዱ አንገቱን ደፋ አድርጎ ከሚረግጠው እህል ሲጎርስ አዩት።

"ሌባ! እህሌን በላብኝ!" ብለው ጮኹ።

"ጌታዬ፣ የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም፤ ወጋችን ነው" ቢላቸው ጭሰኛው፣ ጭራሽ ባሰባቸው።

"እንግዲያው የበላውን ይመልስ! ካልመለሰ ዛሬውኑ ወደ በረቴ ይነዳል!"

የጭሰኛው በሬ ያ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከጎረቤት የተቀናጀ ነው። በምላሱ ግን ድሃ አልነበረም።

"መልሷል እኮ ጌታዬ" አለ እጅ እየነሳ። "ይህ የቆሙበት አውድማ የተለቀለቀው በእሱ እበት ነው። ገብሱ የበቀለበትን ማሳም ያፋፋው የእሱ እበት ነው። አምና የበላውን ዘንድሮ አጨድነው፤ የዛሬዋን ጉርሻም ለከርሞ ይመልሳታል።"

ከዚያ ቀና ብሎ የግራዝማችን ሆድ አየት አደረገና፣

"እርስዎ የበሉትን ግን፣ እስከ ዛሬ አንድም ማሳ አላየውም" አላቸው።