የአለቃው ቀን የተለጠፈባቸው ቁጥሮች

ከተሾሙ ዓመት ያልሞላቸው፣ ውሃ ቀጠነ ብለው የሚቆጡ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ አቶ ባያብል ይባላሉ። በመሥሪያ ቤታቸው ደግሞ ምላሷ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። የእሷ ፕሮግራም በድረ ገጻቸው ስንት ሰው እንደተስተናገደ በየደቂቃው ይቆጥርና፣ በየቁጥሩ ላይ ቀንና ሰዓት ለጥፎ፣ የዕለቱን በግድግዳው ስክሪን ላይ ያሳያል።

አንድ ጠዋት አቶ ባያብል ስክሪኑ ላይ አፈጠጡና፣ «እኔ ባለሁበት ቤት በፈረንጅ ቀን ይቆጠራል? አሁኑኑ በእኛ ቀን ይለጠፍ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት ከለጠፍንበት፣ ቁጥሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ነው የሚያስቀምጠው» ብትላቸው፣

«አለቃው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አሏት።

እሷም እንዳሉት ለጠፈችላቸው።

በማግስቱ የቦርድ አባላት ለጉብኝት ሲመጡ ስክሪኑ አንድም ቁጥር ሳይኖርበት ባዶውን ጠበቃቸው። አቶ ባያብል ላባቸው ጠብ እያለ ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። «ቁጥሮቼ የት ገቡ? በይ ለእንግዶቹ ንገሪያቸው! ጥፋቱን በእኔ ላይ ካላከክሽ ግን ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ!»

«ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ ጌታዬ!» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ቁጥሮቹም ደህና ናቸው። እርስዎ ገና ወዳልተሾሙበት ዘመን ሄደው፣ እፎይ ብለው ተቀምጠዋል።»