ያለ ቮላኖዋ አልናገርም ያለችው ሞተር

«የራሷን ስጧት፣ ትናገራለች።»

አቶ እርገጤ ዕድሜ ልካቸውን ይሏት የነበረች ቃል ይቺ ናት። ጓሮ ውስጥ ጆንያ ለብሳ የቆመችውን አሮጌ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ማለታቸው ነው። በጉልምስናቸው ከኮምቦልቻ እስከ ቆላው ድረስ የክሊኒክ መድኃኒት አመላልሰውባታል። አንድ ዘመን ላይ ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች።

አሁን ሽማግሌው አልጋ ይዘዋል። ክረምቱ ከብዷል፤ እህል ከጉሮሮ አልወርድ ብሏል፤ የነፍስ አባታቸው መጥተው አናዘዋቸው ሄደዋል። ነፍስ ግን አልወጣ አለች። ልጃቸው ዋሴ ጎንበስ ብሎ፣

«አባዬ፣ ምን ላምጣልዎት?» አለ።

«ድምጿን» አሉ። «ድምጿን ልስማና ልሂድ።»

ዋሴ መካኒክ ነው። እናቱ ቀድማ ስለሄደች ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና አባቱ ብቻ ናቸው። ጆንያውን ገለጠ፣ አማተበ፣ ሞተሯን ብሎን በብሎን ፈታት። ፒስተኗን ከደሴ አገኘ፤ ካንዴላዋን ከወልድያ አስመጣ፤ ፒስተኗን የሚከብበውን ቀለበት፣ ፋሻዋን፣ አንድ አዛውንት ከአልጋቸው ሥር አውጥተው መረቁለት። ሁሉም የራሷ ነው። የጠፋው ቮላኖው ብቻ ነው፤ ጎኗ ላይ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ። ዋሴ ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ አስቀረጸና ገጠመላት። ቢረግጣት ተንቀጠቀጠች፣ አሳላት፣ የሰው ብረት ነው ብላ ጭቃ ውስጥ ወረወረችው።

ያለ ቮላኖዬ አልናገርም አለች። ቮላኖው ካልመጣ ሞተሯ አትናገርም፤ ሞተሯ ካልተናገረች ሽማግሌው አይሄዱም።

ከኮረብታው የገብርኤል ደወል ሲደወል ሽማግሌው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ያወጡና «እቺውና» ይላሉ። ዋሴ የሚጸልዩ ይመስለው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጆሮውን ሰጠ። የደወል ድምፅ አይደለም፤ የብረት ክብ ድምፅ ነው። ነጠላውን አጣፍቶ በጭቃው ሽቅብ ወጣ። የደዋዩን የአባ ተክለ ሚካኤልን ጉልበት ስሞ ቀና ቢል፣ ቮላኖው ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አባቴ፣ ይሄ የኛ ብረት አይደለም?»

«ያንተማ ነው። ሕፃን ሳለህ ትኩሳት ጨርሶህ ነበር። አባትህ እዚህ ደጅ ላይ ወድቆ፣ ልጄን ካተረፍክልኝ የሞተሬን ነፍስ እሰጥሃለሁ ብሎ ተሳለ። ተረፍክ። ፈትቶ አምጥቶ በእጁ ሰቀላት። ይኸው እስከ ዛሬ ላንተ ትደወላለች።»

ዋሴ እጁን ዘርግቶ ብረቱን ዳሰሰ። ሞተሯ ዝም ያለችው እሱ እንዲናገር ኖሯል።

«ስለት አይመለስም» አሉ አባ። «ላውስህ ግን እችላለሁ፤ አባትህን ሸኝተህ ትመልሳታለህ። ደግሞ ደጁን ያለ ደወል አላሳድርም። ድምፅ ያለው የመኪና ቸርኬ አምጣና አውርዳት።»

ቸርኬው ካልመጣ ቮላኖው አይወርድም፤ ቮላኖው ካልወረደ ሞተሯ አትናገርም፤ ሞተሯ ካልተናገረች ሽማግሌው አይሄዱም።

ወደ ጎሚስታዋ ወደ ሰዓዳ ወረደ። ሰዓዳ ጎማ ስትለጥፍ እጇ አያርፍም፣ አፏም አያርፍም።

«እቴ ሰዓዳ፣ ቸርኬ ስጪኝ፤ ለገብርኤል ደወል።»

«እንዴ! መላእክትም ጎማ ይተነፍስባቸው ጀመር?» ብላ ሳቀች። የመጣበትን ሲነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። «ጋሽ እርገጤ ለእናቴ መርፌ ያመጡላት ሰው ናቸው፤ አልነፍግህም። ግን ሌላውን ሁሉ ቆራሌው ለቅሞት፣ የቀረኝ ይሄ የውሃ በርሚሌን የተሸከመው ነው። ከሥሩ ባወጣው በርሚሉ ይገለበጣል፤ የጎማ ቀዳዳ በምን ልፈልግ? በምትኩ የሚቆምበት ግንድ አምጣልኝ።»

ግንዱ ካልመጣ ቸርኬው አይነሳም፤ ቸርኬው ካልተነሳ ቮላኖው አይወርድም፤ ቮላኖው ካልወረደ ሞተሯ አትናገርም፤ ሞተሯ ካልተናገረች ሽማግሌው አይሄዱም።

እንጨት ፈላጩ ይማም በዝናቡ ውስጥ ጆንያ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ግንድማ ይኸው ተጋድሟል፤ ምሳሬ ነው የዶለዶመው። በዚህ ብመታው ግንዱ ይስቅብኛል። ቀጥቃጩ አደም ዘንድ ውሰድልኝ።»

አደም ደግሞ ከቀዘቀዘ ምድጃው አጠገብ እጁን ብብቱ ከቷል። «ያለ ከሰል ብረት በምን ይለዝባል ዋሴ? በምላሴ ልላሰው?»

ከሰሉ ካልመጣ ምሳሩ አይሳልም፤ ምሳሩ ካልተሳለ ግንዱ አይቆረጥም፤ ግንዱ ካልተቆረጠ ቸርኬው አይነሳም፤ ቸርኬው ካልተነሳ ቮላኖው አይወርድም፤ ቮላኖው ካልወረደ ሞተሯ አትናገርም፤ ሞተሯ ካልተናገረች ሽማግሌው አይሄዱም።

ከሰሉ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነው። ዋሴ ወንዙ ዳር ቆሞ ተጣራ። ባለከሰሏ ከአህዮቿ ጋር ከማዶ ትታያለች።

«ተሻገሪ እባክሽ! የታመመ አለብኝ!»

«አህዮቼን ጎርፍ ይብላልኝ? እስኪጎድል ጠብቅ!»

ወንዙም እየደነፋ፣ «ዝናቡ እላዬ ላይ እየወረደ እንዴት አድርጌ ልጉደል?» አለ።

ዝናቡም፣ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው» አለ። «ለመሆኑ አንተ አባራ ብለህ ከልብህ ለምነህ ታውቃለህ?»

ዋሴ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ ቀረ። ማለዳ ማለዳ ይጸልያል፤ ዝናቡን ያዝልን ይላል። የሚለው ግን አፉ ነው። ልቡ ሌላ ይላል፤ ይዝነብ ይላል። በዘነበ ቁጥር ወንዙ አይጎድልም፣ ሞተሯም አትናገርም፣ አባቱም አይሄዱም። ቤት ሲገባ ትንፋሻቸውን ያገኛል። ለካ ሰንሰለቱን ቆልፎ የያዘው እሱ ራሱ ነው።

ልቡ ካልፈቀደ ዝናቡ አያባራም፤ ዝናቡ ካላባራ ወንዙ አይጎድልም፤ ወንዙ ካልጎደለ ከሰሉ አይሻገርም፤ ከሰሉ ካልተሻገረ ምሳሩ አይሳልም፤ ምሳሩ ካልተሳለ ግንዱ አይቆረጥም፤ ግንዱ ካልተቆረጠ ቸርኬው አይነሳም፤ ቸርኬው ካልተነሳ ቮላኖው አይወርድም፤ ቮላኖው ካልወረደ ሞተሯ አትናገርም፤ ሞተሯ ካልተናገረች ሽማግሌው አይሄዱም።

ቆቡን አወለቀ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ዋሽቼሃለሁ። እሳቸው ላንተ ሰጥተው እኔን ተቀበሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ልስጥህ። ይሁን።»

ይቺን «ይሁን» ሲል አፉና ልቡ አንድ ሆኑ። እግዜር ደግሞ ጨክነው የሰጡትን ይቀበላል።

ዝናቡ አባራ፤ ወንዙ ጎደለ፤ ከሰሉ ተሻገረ፤ ምሳሩ ተሳለ፤ ግንዱ ተቆረጠ፤ ቸርኬው ተነሳ፤ ቮላኖው ወረደ። አባ ተክለ ሚካኤል ቸርኬውን ሰቅለው አንድ ጊዜ መቱት። ድምፁ ሸካራ ነው፤ ግን ይሰማል።

ዋሴ ቮላኖውን በእቅፉ ይዞ ሲገባ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አገኛቸው። ጠራቸው፤ አልመለሱም። ደረታቸው ግን ገና ከፍ ዝቅ ይላል። ሞተሯን ከደጁ ግድግዳ አስጠግቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ገጠመ፣ አጠበቀ፣ ስመ ሥላሴ ጠርቶ ረገጠ።

ተናገረች። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ቀስ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው እርምጃ።

ዝናቡም ውለታውን ጨርሶ ተመልሶ መዝነብ ጀመረ። ሞተሯ ገና አልተላመደችም፤ ዋሴ መሪዋ ላይ የሚጠመዘዘውን ጋዟን ከለቀቀ ትጠፋለች። ከቆመበት ደግሞ አልጋው አይታየውም። ልቡ እጅህን ልቀቅ፣ ግባ፣ እያቸው ይለዋል፤ ቢለቅ ደግሞ ድምጿ ይቆረጣል። ይሰማሉ ወይስ ሄደዋል? እንባው ከዝናቡ ጋር ጋዙ ላይ ይንጠባጠባል።

ያን ጊዜ አንድ የማያውቀው መንገደኛ ከዝናቡ ለመጠለል ጣራው ሥር ገባ። እቃውን አወረደ፣ የዋሴን ፊት አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከተ። አልጋው ላይ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱን ጨብጧል፤ ጋዝ እንደሚሰጥ ሰው ቀስ እያለ ይጠመዝዘዋል። መንገደኛው ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ዋሴ ዞሮ እንዲህ አለው፦

«አታጥፋት ወንድሜ፤ ገና እየሰሙ ነው።»