ላት የሚዳብሰው እጅ

ማርያምን ብዬ እምላለሁ፣ አታምኑኝም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም «ሂድ ወዲያ፣ ጠጥተሃል» እለው ነበር። ይሁን። ውሸት ካለበትም ውሸቱ በጎቹ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ላይ ምንም አልጨመርኩም።

አንድ በግ ነጋዴ ነበር፤ አለኸኝ ይባላል። የዚህን ሰው እጅ የማያውቅ ገበያተኛ የለም። ዓይኑን ጨፍኖ የበጉን ላት ዳበስ ያደርግና ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው፣ የየትኛውን ወንዝ ዳር ሣር እንደጋጠ፣ ቅድመ አያቱ በየትኛው እግሩ ያነክስ እንደነበር ይናገራል። አንድ ቀን ዳብሶ «ይህ በግ ትናንት አኩርፎ ነው ያደረው» አለ። ባለቤቱም አልካደም።

ሳይዳብስ አይገዛም። የክርስትና አባቱ ጠቦት ሊሸጡለት ቢመጡ እንኳ «አባቴ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ በጉን ግን አላውቀውም» ይልና እጁን ይሰዳል። አፍሮ አያውቅም። «ያፈረ ነጋዴ አጥንት ይገዛል» ይል ነበር።

የዚህ ሰው ሚስት፣ የሻረግ፣ ዓይኗ ታመመ። አንዱ ጨርሶ ጠፋ፣ ሌላውም መጨለም ጀመረ። ሰውን በድምፁ፣ ላሟን በጠረኗ መለየት ያዘች። የከተማው ሐኪም «ይህን ዓይን ቀድደው የሚያክሙት ከድንበር ማዶ ነው። ካልፈጠናችሁ ይህም ይሄዳል» አለ። አለኸኝ በጎቹን ሁሉ ሸጠ። መንደሩም አዋጣ። ከለቅሶ ቤት ንፍሮ በኪሱ ይዞ የሚወጣው ሰውዬ እንኳ አዋጣ። እኔም አዋጣሁ፤ አታምኑኝም ያልኩት እንግዲህ አንዱ ይህ ነው። ገንዘቡ በባንክ በኩል ዶላር ሆነና በየሻረግ መቀነት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተቋጠረ።

ባልና ሚስት ተያይዘው የሰው ሀገር ደረሱ። ሆስፒታሉ ግን «እኛ የምንቀበለው የሀገራችንን ገንዘብ ነው፤ መንዝራችሁ ኑ» አላቸው። ወደ ባንክ ሄዱ። ከመስታወት ጀርባ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። አለኸኝ ባርኔጣውን አወለቀና ከራሷ ጤና ጀምሮ እስከ እናቷ ወገብ ድረስ ሰላምታውን አወረደላት። ልጅቱ ቋንቋውን አታውቅም። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ወደሚሰጠው ማሽን በጣቷ ጠቆመችው፤ ውሰድና ተራህን ጠብቅ ማለቷ ነው።

አለኸኝ ዞር ብሎ ሚስቱን «ነይ እንውጣ» አላት።

«ምነው?»

«ደህና አደርክ ላላለችኝ ልጅ ገንዘቤን በምን አምኜ እሰጣለሁ? ጣቷን ነው የቀሰረችብኝ።»

«ቋንቋህን አታውቅ ይሆናላ።»

«ጣት ለመቀሰር ቋንቋ አያስፈልግም» አለና እጇን ይዞ ወጣ።

ደጅ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። «እንደምን አደሩ አባቴ» አለ፣ በእኛው ቋንቋ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ። በሁለት እጁ ለሚጨብጥ ሰው አንድ እጅ አይሰጥም። አለኸኝም ሁለት እጁን ሰጠ። ሰውየው ከብቱን ጠየቀ። ዝናቡን ጠየቀ። ጉልበትዎን እንዴት ነዎት አለ። ደጀ ሰላሙ ቆርቆሮ ለብሶ እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀ። ሰላምታው ሲጀመር ጥላቸው ወደ ምዕራብ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ ምሥራቅ ዞሯል።

«ምንዛሪ ፈልገው ነው?» አለ በመጨረሻ። «ባንኩ ይቆርጥብዎታል አባቴ። እኔ ከወገኔ ምን እቆርጣለሁ? እንዲያውም እጨምርልዎታለሁ።»

የሻረግ ሰባቱን ቋጠሮ ፈታች። ዶላሩ ሄደ። በላስቲክ የታሰረ፣ እንደ ሙክት ላት የወፈረ ገንዘብ አለኸኝ እጅ ላይ አረፈ።

«እስቲ አቀብለኝ» አለች የሻረግ፤ «ፈትቼ ልዳብሰው።»

የሰውየው ፊት ጭፍግግ አለ። «ይዳብሱ እንጂ እናቴ። እኔ እንኳ እንደ ወላጅ አይቻችሁ ነበር። በሰው ሀገር ወገን ወገኑን ካላመነ... ግድ የለም፣ ይዳብሱ።» እንባ አቀረረ። ያንን እንባ የት አስቀምጦት እንደነበር እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

አለኸኝን ላብ አጠመቀው። «አንቺ፣ አታዋርጂኝ» አላት በሹክሹክታ። «ስለ ጉልበቴ ሳይቀር የጠየቀኝን ሰው ገንዘቡን ልታሺበት ነው?» ገንዘቡንም ሳይፈታ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ሰውየው የሁለቱንም ጉልበት ስሞ ተሰናበተ።

ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ የሻረግን ዓይን አየና በአስተርጓሚ «በዚህ ሳምንት ከተቀደደ ይተርፋል» አለ። ገንዘብ ተቀባዩ ላስቲኩን ፈታ። ላዩ ላይ አንድ እውነተኛ ኖት። ታቹ ላይ አንድ እውነተኛ ኖት። መካከሉ በልክ በልኩ የተቆረጠ የሳሙና ማስታወቂያ።

«ደረሰኝ አላችሁ?» አለ አስተርጓሚው።

«ደረሰኝ አልሰጠንም።»

«የሰውየው ስም ማን ይባላል?»

ያን ሁሉ ሰዓት ሰውየው ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ የታቦታቸውን ስም ጠይቋል። እነሱ የእሱን አልጠየቁም።

ወደ ባንኩ ደጅ ሮጠው ተመለሱ። ማንም የለም። የሻረግ ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ በእጃቸው ያለውን የሳሙና ወረቀት አየች። ወጣች። ምሳዋን ከነሳህኑ የሻረግ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ገባች። አሁንም ሰላም አላለቻቸውም።

ሁለቱ እውነተኛ ኖቶች ለመሳፈሪያ ሆኑ። የሻረግ አገሯ ስትደርስ የበሯን ጉበን ታይ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ጉበኑን በእጇ መፈለግ ጀመረች። ፍልሰታ ሲፈታ ሌሊትና ቀኑ አንድ ሆነባት።

መንደሩ ተሰበሰበ። ያዋጣ ሰው መስማት መብቱ ነው። አለኸኝ ተነሥቶ ተረከ፤ የሌባውን ሰላምታ፣ እንባውን፣ ጉልበት አሳሳሙን። ሰዉ ከንፈሩን እየመጠጠ «አይ ሌባ» አለ። መሪጌታ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ሰላምታ ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ። በሰው ሀገር ገንዘብ የሚመነዘረው ደረሰኝ ከሚሰጥ መስኮት ነው። መስኮቱ ሰላም ባይላችሁም ነገ እዚያው ታገኙታላችሁ። ተቀብላችሁም ከመስኮቱ ሳትርቁ፣ ፈትታችሁ፣ አንድ በአንድ ቁጠሩ። እውነተኛ ሰው ቢቆጠርበት አይከፋውም፤ የሚከፋው ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።»

እውነት ነው፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እናንተም አሁን እየነቀነቃችሁ ነው። ግን በእግዜር፣ ጉልበታችሁን በሳመ ሰው ላይ ፊት ለፊቱ ትቆጥሩበት ነበር?

አለኸኝም ይህንኑ አለ። «መሪጌታ፣ ልክ ነዎት። ግን ምን ላድርግ? አፈርኩ። የሀገር ልጅ ነው። እንደዚያ ያከበረኝን ሰው ገንዘቡን መዳበስ ነውር ሆነብኝ።»

ከተመለሱ ወዲህ አንድም ቀን ወቅሳው የማታውቀው የሻረግ፣ ከግድግዳው ሥር እንደተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«በግ ስትገዛ» አለች፤ «የክርስትና አባትህን አላፈርክም።»