ቀበሮና ባዶውን የሚሄደው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ በማየት ብቻ የከበረ አንድ ቀበሮ ነበር። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ማየትም ሙያ ነው፤ ዓይን ያለው ሁሉ አያይም።

ሲጀምር ድሃ ነበር። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲጠባበቅ የሚውል፣ አንድ ቀን በልቶ ሁለት ቀን የሚጾም ምስኪን። ታዲያ አይጡን ሲጠብቅ ዝንጀሮዎች በማኅበር ያቋቋሙትን የእህል ጎተራ በሩቁ ያይ ነበር። ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላውን ቅማል ሲለቅም ይውላሉ፤ እህሉን ከሥር ነቀዝ ይጨርሰዋል። ቀበሮ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ከማኅበሩ ትንሽዬ ድርሻ ገዛና በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ የእኔ ድርሻ የጭራ ያህል ናት፤ ግን ጭራም ሲረገጥ ያማል» አለ። «እህላችንን ነቀዝ ይበላዋል፤ ጠባቂዎቻችን ቅማል ይበላሉ። ወይ ይሥሩ፣ ወይ ይነሡ!»

እውነቱን ነበር። ጠባቂዎቹ ተነሡ፤ ጎተራው ተጠረገ፤ በዓመቱ ማኅበሩ ከራሱ ተርፎ ለአባላቱ አከፋፈለ። ቀበሮም የድርሻው ዋጋ ሲንር ሸጦ ወጣ። ከዚያ ወደ ንቦቹ ማኅበር ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጃርቶቹ የድንች እርሻ። በሄደበት ሁሉ ጥቂት ድርሻ ይገዛል፣ ይጮኻል፣ ይነቀንቃል፣ አትርፎ ይወጣል። ስሙ ሲጠራ ብቻ፣ ሥራ ፈት ሁሉ ከተጋደመበት ብድግ ይል ጀመር። ክፋቱ፣ ሰውም ይሁን ቀበሮ፣ ብዙ ጊዜ ልክ ከሆነ ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

በመጨረሻ ዓይኑን የጣለው በአህዮች የጨው ቅፍለት ላይ ነው። አህዮቹ ከበረሃው የጨው ሜዳ አሞሌ ጭነው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ደጋ ድረስ ያደርሳሉ። ጃርትም ኤሊም የማኅበሩ ባለድርሻ ሆነው ጨዋቸውን በአህዮቹ ጀርባ ያስመጣሉ። አያ ጅቦ እንኳ ሳይቀር ድርሻ ነበረው። እንዳይበላቸው ብለው አህዮቹ ራሳቸው ናቸው የሰጡት። እንዲህ ያለ ነገር በተረት ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ።

ቅፍለቱን የምትመራው እሜቴ ዳልቻ የምትባል አሮጊት አህያ ነበረች። ሌሎቹ አህዮች እስከ አንገታቸው ተጭነው ይከተሏታል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ቡላ የሚባል ጎረምሳ አህያ፣ አንዳች ሳይጫን፣ ጆሮውን እያወዛወዘ ይመጣል።

ቀበሮ ድርሻውን በገዛ ሰሞን መሪዋን ጠጋ ብሎ ጠየቃት።

«ዳልቻ፣ ይሄ ቡላ የምትሉት ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም።»

«ይበላል?»

«እንዴታ! አህያ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ የማይሠራ ለምን ይበላል?»

እሜቴ ዳልቻ አሰበች። መንገድ እንጂ ንግግር አታውቅም። «እናቴም ስትመራ አንድ ጀርባ ባዶውን ታስኬድ ነበር» አለች። «ድንገት አንድ ነገር ቢመጣ ብላ ነው።»

«መጥቶ ያውቃል?»

«እኔ በመራሁበት ዘመን እንኳ፣ ይመስገነው፣ አልመጣም።»

ይቺ «ይመስገነው» ጉድ ሠራቻት። ቀበሮ ሳይውል ሳያድር ባለድርሻዎቹ ከሚሰበሰቡበት ግራር ጥላ ሥር ስብሰባ አስጠራ።

«ክቡራን ባለድርሻዎች!» አለ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ይህ አህያ የማይጣፍጥ ጨው ነው! መጥቶ ለማያውቅ ነገር እስከ መቼ እንቀልበዋለን? ቡላ ይጫን። በሌሎቹም ላይ አንድ አንድ አሞሌ ይደረብ።»

«ጀርባው እኮ የእኛ ነው» አለች እሜቴ ዳልቻ።

«ጀርባው የእናንተ ነው፤ ሐሳቡ የእኔ ነው።»

ጃርት ትርፉን ሲያስብ እሾሁ ቆመ። ኤሊ አንገቷን አወጣች። ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያነሣው ግን አያ ጅቦ ነበር።

«እደግፋለሁ!» አለ። «ሸክም የበዛበት አህያ ይወድቃል። የወደቀ አህያ ደግሞ...» ብሎ ሳይጨርስ ምራቁ አነቀው።

«ትርፋችን ይጨምራል ማለቱ ነው» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ።

አህዮቹ በድምፅ ተበለጡ። እሜቴ ዳልቻ ከመሪነቷ ወርዳ እንደማንም ተጫነች፤ ቀበሮ በሩቁ ሆኖ የሚያዝ መሪ ተብሎ በቦታዋ ተሾመ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ በቡላ ጀርባ የሚመጣው ጨው የእኔ ይሁን አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። የሚገርመው፣ ቡላ ራሱ ደስ አለው። ሥራ ፈት መባል ሰልችቶት ነበር።

ቅፍለቱ ወረደ፣ ወጣ። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ምንም አልመጣም። ጨው በዛ፣ ትርፍ በዛ፣ የቀበሮ ስም ከበፊቱ ይበልጥ ገነነ። እሜቴ ዳልቻም ጭነቷን ተሸክማ ከሌሎቹ ጋር ተመላለሰች። ምን ትበል?

ከዕለታት በአንዱ ቀን ቀበሮ፣ «እስከ ዛሬ በሩቁ እያየሁ ነው የከበርኩት፤ እስቲ ጨዌን በቅርብ ልየው» ብሎ ከቅፍለቱ ጋር ወደ በረሃው ወረደ። ሲወርድ ተጫወተ፣ ተረበ። ጨው ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ አሞሌውን በጥፍሩ እያንኳኳ፣ ቡላ ላይ ሲጭኑለት በኩራት አየ። አያ ጅቦም «ባለድርሻ ነኝ፤ ንብረቴን ልጠብቅ» እያለ በስተኋላ በስተኋላ ይከተል ነበር። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አህዮቹም ያውቃሉ።

በመልሱ፣ ድንጋያማው ዳገት መካከል ሲደርሱ፣ ከቀበሮ እግር ሥር አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ቀበሮ ተቀመጠና መነሣት አቃተው። እግሩ ተሰብሮ ነበር። ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ውሃው ያለው ከዳገቱ ማዶ ነው።

«ምነው ቆማችሁ?» አለ አያ ጅቦ ከኋላ ደርሶ።

«እግሬ!» አለ ቀበሮ።

«አይዞህ ወንድሜ፤ አትጨነቅ። እነሱ ይሂዱ፣ እኔ አብሬህ እቀራለሁ።» ይህን ብሎ ከንፈሩን ላሰ።

የጅብ ደግነት ምን እንደሆነ ለቀበሮ አይነገረውም። ፈራ። ከአይጥ ጉድጓድ ዘመኑ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«እሜቴ ዳልቻ!» አለ። እሜቴ ብሎ ሲጠራት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። «እባክዎ አንዳችሁ ተሸከሙኝ!»

«ማን ይሸከምህ?» አለች እሜቴ ዳልቻ። ክፋት የለባትም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። «ሁላችንም ሙሉ ነን።»

«ጭነቱ ላይ ልውጣ። እኔ ቀላል ነኝ።»

እየጎተቱና እየገፉ ቡላ ላይ አወጡት። የቡላ ጉልበት ዳገቱ ላይ ተብረከረከ፤ ጭነቱ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ቀበሮም ተመልሶ መሬት ላይ ዱብ አለ።

«እንግዲያው የአንዳችሁ ጭነት ይውረድ!»

«የማን?» አለች እሜቴ ዳልቻ። «እኔ የተጫንኩት የጃርትን ነው። ይቺኛዋ የኤሊን ይዛለች። አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በረሃ ላይ አይጣልም። የቡላው ግን የራስህ ነው። አንተ ታውቃለህ።»

ቀበሮ ጨዉን አየ። የዘመን ሁሉ ብልጠቱ እዚያ ላይ የተጫነ መሰለው። ዞሮ ጅቡን አየ።

«ግማሹን ብቻ ብናወርድስ?» አለ።

«አልችልም ጋሼ፤ ዳገት ነው» አለ ቡላ ቀስ ብሎ።

«አታስጨንቁት እንጂ!» አለ አያ ጅቦ እየተጠጋ። «እኔ ጋር ይሁን አልኳችሁ።»

«አውርዱት!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ሁሉንም አውርዱት!»

እሜቴ ዳልቻ የመጫኛውን ገመድ በጥርሷ ጎትታ ፈታችው። የሚጣፍጠው ጨው እንደ ድንጋይ ተጣለ፤ የማይጣፍጥ የተባለው ቡላ ቀበሮን ተሸክሞ ወጣ። አያ ጅቦ በንዴት ጨዉ ላይ ተቀመጠና «የተጣለ ሁሉ የእኔ ነው!» እያለ ይልስ፣ ይቆረጥም ጀመር። ጉሮሮው በእሳት ሲያያዝ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል መሮጡን አህዮቹ ዘወር ብለው አዩ። ሲስቁ ግን አልቆሙም።

ቅፍለቱ በደህና ገባ። ቀበሮ እግሩ በልጥ ታስሮ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ፤ ባለድርሻዎቹም ተሰበሰቡ።

«የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ቡላ ይጫናል አይደል?» አለ ጃርት።

«አይጫንም» አለ ቀበሮ። «እሜቴ ዳልቻ ወደ መሪነታቸው ይመለሱ። ቡላ ባዶውን ይሂድ፤ የሚበላውም ከእኔ ድርሻ ይታሰብ።»

«ባዶውን ሄዶ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም።»

«ታዲያ የማይሠራ ለምን ይበላል?»

ቀበሮ በስብሰባ ላይ ቃል አጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ዙሪያውን ቢፈልግ ከአሮጊቷ አህያ ቃል የተሻለ አላገኘም።

«ድንገት አንድ ነገር ቢመጣ ብዬ ነው» አለ።

ጃርት ሳቀ። «መጥቶ ያውቃል?»

ቀበሮ የታሰረውን እግሩን ዘርግቶ አሳየው።

«መጥቷል» አለ። «እኔ ነበርኩ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ፈት የመሰለንን ጀርባ ከመጫናችን በፊት፣ እኛ ራሳችን የምንወድቅበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ እንዳለብን ነው።