ላሚቱም ረክታለች

በአንዲት ከተማ የውሃ ቢሮ ውስጥ፣ በስልክ የሕዝብ አስተያየት የምትሰበስብ ሴት ነበረች፤ ጆሮዋ ታጋሽ፣ ምላሷ ግን ምላጭ። ለስለስ ባለ ድምፅ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች። ደንበኛው ታዲያ የሚያዳምጠው ሰው ሲያገኝ፣ ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ያጠራቀመውን ብሶት ሁሉ ይዘረግፍላታል።

ይህን የሰሙት የቢሮው ኃላፊ አቶ መንበሩ ደማቸው ፈላ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ «ሰው የሚያማርረው አንቺ ፊት ስለምትሰጪው ነው! ይህ ልፍስፍስ ጠባይሽ ነው ሕዝቡን ያጠገበው። እንዴት እንደሚጠየቅ ላሳይሽ!» አሏትና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ለአንድ ደንበኛ ደወሉ።

«የውሃ ቢሮው ኃላፊ ነኝ!» ብለው አንባረቁ። «በአገልግሎታችን ረክተሃል ወይስ አልረካህም?»

ሰውዬው በስልኩ ውስጥ ሲንተባተብ ተሰማ። «ረ... ረክቻለሁ ጌታዬ! ሚስቴም ረክታለች! ላሚቱም ረክታለች!»

አቶ መንበሩ ስልኩን ዘግተው ደረታቸውን ነፉ። «አየሽ? ከዛሬ ጀምሮ እንደኔ ካልጠየቅሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ!» አሏት። ይህም አልበቃቸው ብሎ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «በትምህርቴ ረክተሻል ወይስ አልረካሽም?» ሲሉ አንባረቁባት።

ሴትዮዋ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«ረ... ረክቻለሁ ጌታዬ! ባሌም ረክቷል! ላም እንኳ የለኝም፤ ብትኖረኝ ግን እሷም ትረካ ነበር።»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። አቶ መንበሩም «ረክቻለሁ» የሚል መልስ ሰምተው አለማመን ያን ዕለት ጀመሩ።