የሾላ ምንጯ አልቃሽ አንጓች

ዘመኑን በውል የሚያውቅ የለም። ለእኛ የነገሩን አያቶቻችንም "ድሮ" ብለው ነው የጀመሩት። እኔም ድሮ ልበል፤ እናንተም ጠጋ በሉ።

ድሮ፣ ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል አልቃሽ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅም አልወለደች። ጥጥ ትፈትላለች፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ትጠራለች። ከለቀስተኛው መሐል ቆማ ግጥም ስታወርድ ድንጋይ የሆነ ልብ ይቀልጣል። ለሾላ ምንጭ ሙት ታለቅሳለች፤ ከወንዙ ማዶ ላለው ለደንጎራ ሙትም ታለቅሳለች። ለሠርግ ግን የሚጠራት አልነበረም። አልቃሽ በደስታ ቀን ደጅ ከረገጠች ገድ የላትም ይባል ነበርና።

ሁለቱ መንደሮች በየዓመቱ በልደት ቀን ገና ይጫወታሉ። ገና በሚባል ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት ድቡልቡል፣ እየለጉ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው ጨዋታው። ያሸነፈ ይጨፍራል። የተሸነፈ ይሰደባል። ስድቡም በግጥም ነው፤ እስከ ከርሞ በገበያውም በወንዙም ይዘፈናል።

ሾላ ምንጭ ሰባት ዓመት ተሸነፈች። ሰባት ዓመት ተሰደበች። በሰባተኛው ዓመት ደንጎራዎች እንዲህ አሉ፦

"የሾላ ምንጭ ወንዶች ሩር ቢያመልጣችሁ፣
ገናውን ማገዶ አርጉት ለሚስቶቻችሁ።"

ይህን የሰማው የሾላ ምንጭ የጨዋታ አባት ዱላውን ወርውሮ "በቃኝ" አለና ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ልምራ የሚል ጠፋ።

አዝመራው ተሰብስቦ ታኅሣሥ ሲገባ ወንዶቹ አውድማ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ያወራሉ። አንጓች እንዝርቷን እንደያዘች መጣችና "እኔ ልምራችሁ" አለች።

ሳቁ። አንዱማ "እማማ አንጓች፣ ሳንሸነፍ ልታለቅሽልን ነው?" አለ።

እሷ አልሳቀችም። "መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ማስለቀስ አውቃለሁ" አለች። "እናንተ ሃያ ሆናችሁ በአንድ ልብ መሮጥ አቅቷችኋል። ሰባት ዓመት ዳር ቆሜ አይቻችኋለሁ። ሩሯን ያገኘ ሁሉ ብቻውን ሊነዳት ይሻል። ለቅሶ ቤት ሁሉም እኔ ልቅደም ካለ ጫጫታ እንጂ ለቅሶ አይሆንም።"

ሳቁ ቀዘቀዘ፤ አንጓችም ቀጠለች፦ "የማትፈልጓቸውን አምስት ሰዎች ስጡኝ። በሳምንቱ ከምርጥ አምስታችሁ ጋር ይግጠሙ። ከተሸነፉ ወደ እንዝርቴ እመለሳለሁ።"

ሰጧት። አንዱ ሸማኔ ነው፤ ሲቀመጥ የኖረ ጉልበት ነው ያለው። አንዱ ድንክ ነው። አንዱ አንድ ዓይና ነው። ሁለቱ ዱላ ይዘው የማያውቁ ወንድማማቾች ናቸው። አንጓች ሜዳ ላይ አሰለፈቻቸውና እያጨበጨበች ይህን አወረደች፦

"ብቻውን የሮጠ ሜዳው መች አለቀ፣
ለጓዱ የሰጠ ከደጃፍ ዘለቀ።"

ግጥሙን እያሉ ይሮጣሉ። "አለቀ" ሲሉ የያዘው ይለጋል። "ዘለቀ" ሲሉ የተቀበለው ይለጋል። መጀመሪያ ተጋጩ። ዱላ በቅልጥማቸው አረፈ። ሸማኔው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በሦስተኛው ቀን ግን እግራቸው ግጥሙን ሰማ። በሳምንቱ ከምርጦቹ ጋር ገጠሙ። ምርጦቹ ይሮጣሉ፤ ሩሯ ግን እነሱ ሲደርሱ ሄዳለች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሩሯ ሦስት ጊዜ የምርጦቹን ወሰን አለፈች። ያ የቀለደባት ሰው ተነሥቶ የአንጓችን ጉልበት ሳመ።

እንዲህ ሆና የጨዋታ አባት ሆነች። አባት ነው የሚባለው፤ ለሴት የሚሆን ስም አልነበረውም።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ልጅ፣ ቢያድግልኝ የሚባል ጎበዝ ነበር። ሩሯን ሲለጋት ጭልፊት ትመስላለች። ነገር ግን ለማንም አይሰጥም። አንጓች አንድ ጊዜ ነገረችው። አልሰማም። ሁለት ጊዜ ነገረችው። አልሰማም። በሦስተኛው ዱላውን ተቀብላ ከጎኗ አስቀመጠችው። "አጨብጭብ" አለችው። "እጅህ መስጠት እስኪለምድ አጨብጭብ።"

ጭቃ ሹሙ ይህን ሲሰማ በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ "አንቺ አልቃሽ! የእኔን ልጅ ከሴት ጋር ታስጨበጭቢያለሽ? ነገውኑ ከዚህ መንደር አስወጣሻለሁ!" አለ።

አንጓች ታውቃለች፤ ይህ ሰው ካለ ያደርጋል። ቤቷ አንዲት ናት፤ ሌላ አገር አታውቅም። ቢሆንም አንገቷን ደፍታ ተናገረች፦ "ጌታዬ፣ ያስወጡኝ። ግን ልጅዎን ዛሬ ከመለስኩት ለሃያው ሰው የነገርኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ውሸት አስተምሬ ከምቀመጥ እውነት ተናግሬ ብሄድ ይሻለኛል።"

ይህን ጊዜ ቢያድግልኝ ጣልቃ ገባ። ስምንት ቀን ከጎኗ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ሰንብቷል። ከተቀመጠበት ሳይነሣ "አባዬ፣ ተዋት" አለ። "ሜዳ ውስጥ ሳለሁ ሩሯን እንጂ ሰው አላይም ነበር። እዚህ ብቀመጥ ጊዜ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደጠበቀኝ አየሁ። አፍሬያለሁ።"

ጭቃ ሹሙ ልጁን አየ። ሴትዮዋን አየ። የበቅሎውን አፍ መለሰ። በማግሥቱ አንጓች ለቢያድግልኝ ዱላውን ሰጠችው፤ እሱም ያን ቀን አሥር ጊዜ ሩር አግኝቶ አሥር ጊዜ ሰጠ።

የልደት ቀን ደረሰ። የደንጎራው መሪ ደምለው ነበር። እናቱ ከሞተች ወሯ ገና ነው። ሐዘንተኛ ጨዋታ አይወጣም ነበር፤ ጓዶቹ ግን ያላንተ አንወጣም ብለው ስለለመኑት ጥቁሩን ለብሶ ወጣ።

ከጠዋት እስከ ጥላ መመለሻ ተጫወቱ። አቧራው ከሩቅ ጭስ መሰለ። ሊመሽ ሲል ሸማኔው ለቢያድግልኝ ሰጠ። ደምለው ደረሰበት። የድሮው ቢያድግልኝ ቢሆን ይጋፋ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ወደ ድንኩ ለጋት። ድንኩም አሳለፋት። ሾላ ምንጭ አሸነፈች!

እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ቁጭት ፈነዳ። "አንጓች ትስደብልን! አንጓች ትስደብልን!" አሉ። ደንጎራዎች ዱላቸውን አልጣሉም። ዓይናቸው ደም ለብሷል። አንድ ክፉ ቃል ብትወጣ ሩር የለጋው ዱላ ራስ እንደሚለጋ ሁሉም አውቋል።

አንጓች ከመሐል ገባች። ከፊቷ ደምለው ቆሟል። እናቱን ሲቀብር ያለቀሰችለት እሷ ናት። ያን ቀን ትከሻዋን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቋል። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡም ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልወጣ አላት።

"በዚህ አፌ እናቱን አልቅሼለታለሁ" አለች። "በዚህ አፌ ልሰድበው አልችልም።"

"ሰባት ዓመት ሲሰድቡንስ?" ብሎ አንዱ ጮኸ።

"አውቃለሁ፤ አብሬ ተሰድቤያለሁ" አለች። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

"እናቱን የቀበረ አርባዋ ሳይወጣ፣
ጓዶቹን አስቦ ሜዳ ላይ የመጣ፣
ሩር አመለጠችው ጀግንነት መች አጣ?"

ደምለው ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። ነጠላውን በፊቱ ላይ ጣለ። ከኋላው የቆመ አንድ ሰውም ዱላውን አኖረ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ያን ዓመት ደንጎራና ሾላ ምንጭ በአንድ ዳስ በሉ። አንጓችንም ከመሐል አስቀመጧት። ድግስ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እጇን የት እንደምታሳርፍ ጠፍቷት እንደነበር ይነገራል።

ብዙ ዘመን መራቻቸው። አንዳንድ ዓመት አሸነፉ፤ አንዳንድ ዓመት ተሸነፉ። በመጨረሻ እሷም አረፈች። ያን ቀን ጭንቅ ሆነ። ለሁሉም ያለቀሰችው አንጓች ስትሞት ለእሷ የሚያለቅስ አልቃሽ አልተገኘም። የሁለቱም መንደር ሰው መቃብሩን ከቦ ማን ይጀምር ተባባለ። በኋላ ጠጉሩ የሸበተው ቢያድግልኝ ወጣ ብሎ ቆመ፦

"እማማ አንጓች ሆይ የቃል አስተማሪ፣
እኔን መሳይ ደንቆሮ ሰው አደረግሽው።"

ቤት አልመታም። ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ወረደ። ከዚያ ደምለው የራሱን ጨመረ። ሸማኔውም ጨመረ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው አልነበረም።

በዚያ አገር እስከ ዛሬ በገና ጨዋታ ያሸነፈ ወገን ሳይጨፍር በፊት የተሸነፈውን በአንድ ግጥም ያወድሳል። ቤት ባይመታም አይነቀፍም። ጉራ የያዘው ጎረምሳ ለስድብ አፉን ሲከፍት ደግሞ ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም፤ "ቀስ በል፣ አንጓች ትሰማለች" ይሉታል። እሱም ያፍርና የተሸነፈውን ሰው ስም ይጠይቃል።