የጃርት ምክርና የትርንጎ ዱባ

«ልጄ፣ ሳትጠይቂው የሚመክርሽን አፉን ተዪና እግሩን እዪ» አሏት እናቷ፣ ትርንጎ ገና ጓሮ መኮትኮት ስትማር።

ይህ የሆነው ድሮ ነው፤ አውሬ ከሰው ጋር ወግ በሚጠርቅበት ዘመን፣ ፀሐይ ድንጋይ በምትቆላበት በአንድ ቆላ አገር። ትርንጎ አድጋ የልጆች እናት ሆነች። ጎተራዋ ባዶ ነበር፤ ልጆቿን እስከ ክረምት የሚያሻግራቸው በጓሮዋ የተከለችው ዱባ ብቻ ነው። ስለዚህ ከየሥሩ አጠገብ የሚያዣ ገንቦ ቀበረች፤ ገንቦው ውሃውን ቀስ እያለ ለሥሩ ይሰጣል። አፈሩን ገለባ አለበሰችው፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠረችው።

አንድ ቀን አያ ጃርት ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። «አይ ትርንጎ፣ ዱባሽ አሳዘነኝ። ገለባውን ግፈፊለት፤ ሥሩ ይተንፍስ እንጂ።»

«እሺ አያ ጃርት፣ አስብበታለሁ» አለችና ገለባውን ጨመረችበት።

ሌላ ቀን ደግሞ መጣ። ተክል የሚጠጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በማለዳማ ማን ይጠማል ብሎ መከራት።

«እሺ አያ ጃርት፣ አስብበታለሁ» አለችና ገንቦዋን ጎህ ሲቀድ ሞላች።

ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ግን ምክሩን አንድ በአንድ ፈጸሙ። ገለባውን ገፈፉ፤ በጠራራ አጠጡ፤ ዱባቸው ጠወለገ። ጃርት ነፋስ አጥቶ ነው ቢላቸው አጥሩንም አነሡ። ጨንቋቸው ማታ ጓሮውን በውሃ አርሰው ተኙ። ሲነጋ አንድም ሥር አልነበረም። ጃርት ማልዶ መጥቶ አብሯቸው አለቀሰ፤ እንባውን ጠርጎም በቀጥታ ወደ ትርንጎ ሄደ።

«ትርንጎ፣ እሾሁ ነፋስ ከለከለብሽ። አንሺው።»

ትርንጎ አፉን ተወችና እግሩን አየች።

«ከየት ነው የምትመጣው፣ አያ ጃርት?»

«ከኮረብታው ነዋ።»

«እዚያ ዘንቦ ነበር እንዴ?»

«የምን ዝናብ? አቧራ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ጥፍርህ ውስጥ ያለው ጭቃ ከየት መጣ?»

ጃርት እግሩን ከሆዱ ሥር ሸሸገ። «ላቤ ነው» አለ። «መንገዱ አድክሞኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ከጓሯቸው ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ዘነዘናቸውን ይዘው ሲመጡም የሚያግዳቸው አጥር አልነበረም። ጃርት የጀርባውን ወስፌ እያንጠባጠበ ፈረጠጠ፤ ከዚያ ወዲህ በቀን አይወጣም።

ትርንጎም አንዱን ገንቦዋን ከጓሮዋ አውጥታ በእትዬ ደብሪቱ ጓሮ ቀበረች። ከጎኑ የዱባ ፍሬ ጣል አድርጋ ገለባ አለበሰችው።

ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰዎች፦ «ዝናብ ሳይዘንብ እግሩ የጨቀየ፣ የሰው ጓሮ ሲምስ ያደረ» የሚሉት።